ጎብኚ በማይመጣበት ቀን፦ የኔሊ ብላይ ሕይወትና ሥራ

በዲፓርትመንታችን ስለ ምርመራ ጋዜጠኝነት ሲወራ የኔሊ ብላይ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ግን የሚወራላት እብድ መስላ ሆስፒታል ገብታ ጉዱን ማውጣቷ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ የሕሙማን ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ይታወቃል? የኔሊ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኔሊ ብላይ የብዕር ስሟ ነው። እውነተኛ ስሟ ኤልዛቤት ኮክራን ሲሆን የተወለደችው በ1864 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት ነው። የወፍጮ ባለቤት የነበረው አባቷ የሞተው ገና በስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ተቸገረ። መምህርት ለመሆን ማሠልጠኛ ብትገባም የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ ብዙም ሳትቆይ አቋረጠች። በ1885 አንድ የፒትስበርግ ጋዜጣ የሴት ልጅ ቦታ ቤት ውስጥ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ኤልዛቤት ተናደደችና የተቃውሞ ደብዳቤ ላከች። አዘጋጁ ደብዳቤውን ወደደው፣ ቀጠራትም። ስለ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች መጻፍ ጀመረች። ቆይቶ ግን ወደ ፋሽንና ወደ አበባ ዓምድ ገፏት። እሷም ይሄ አላስደሰታትም። በ1887 ጓዟን ጠቅልላ ኒው ዮርክ ገባች።

ኒው ዮርክ ውስጥ የጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጣ የነበረው ዎርልድ ከባድ ሥራ ሰጣት። ብላክዌልስ በተባለች ደሴት ላይ ወደ 1,600 ሴቶች የሚገኙበት የከተማው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። እዚያ እንደ ታማሚ ገብታ ያየችውን እንድትጽፍ ተነገራት። ስሟን ቀይራ አንድ የሴቶች ማደሪያ ገባች፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አደረች፣ ሰዎቹንም አስፈራቻቸው። ፖሊስ ተጠራ፣ ፍርድ ቤት ቀረበች፣ ሐኪሞች አዩዋትና እብድ ናት አሉ። ደሴቲቱ ላይ ከደረሰች በኋላ ግን ማስመሰሉን ተወችው። እንደ ጤነኛ ሰው ማውራት ጀመረች። የሚገርመው ጤነኛ ነኝ ባለች ቁጥር ይበልጥ እንደታመመች መቆጠሯ ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ ስደተኛ ሴቶች ደግሞ ከነጭራሹ የሚሰማቸው አልነበረም።

ለኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ኔሊ እዚያ በቆየችባቸው አሥር ቀናት ምን እንደመዘገበች ላይ ነው። ስለ ሕንፃው ትልቅነት ወይም ስለ አልጋው ብዛት አልተጨነቀችም። የቆጠረችው ትንንሹን ነገር ነው። በነበረችበት ክፍል ለ45 ሴቶች የነበረው ፎጣ ሁለት፣ ማበጠሪያው ስድስት ነበር። ፊቷ በቁስል የተሸፈነ ሴት የተጠቀመችበትን ፎጣ ጤነኛ ቆዳ ያላት ተቀብላ ትጠቀምበታለች። የገላ መታጠቢያው ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ በአንዱ ውሃም ብዙ ሴቶች ይታጠቡበታል። ምግቡ ጨው የለውም፣ ቅቤው የሻገተ ነው። ለሐኪሞችና ለነርሶች ግን ጥሩ ሥጋና ነጭ ዳቦ ይቀርባል። ነርሶቹ ካፖርት ደርበው ታማሚዎቹ በስስ ልብስ ይንቀጠቀጣሉ። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ያለ ወሬና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ግዴታ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ እንዲህ ተይዞ ጤናው እንደሚቃወስ ጽፋለች። ማታ ደግሞ በሩ ሁሉ አንድ በአንድ በቁልፍ ይዘጋል። እሳት ቢነሳ ማን ደርሶ ይከፍታል?

በጋዜጣው ጠበቃ አማካይነት ከወጣች በኋላ ጽሑፏ በጥቅምት 1887 ታተመ፣ በዚያው ዓመት መጽሐፍም ሆነ። ግራንድ ጁሪ የሚባለው የዜጎች መርማሪ ቡድን ኔሊን ይዞ ወደ ደሴቲቱ ሄደ። ጉብኝቱ ድንገተኛ እንዲሆን ታስቦ የነበረ ቢሆንም ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ጀልባው አዲስና ንጹሕ፣ ወጥ ቤቱ የተጸዳ፣ ዳቦው ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ያ ሁሉ ጨው የጠፋበት ወጥ ቤት በር አጠገብ ሁለት በርሜል ጨው ተገትሯል! መርማሪዎቹ በዚያ ቀን ብቻ ቢፈርዱ ኖሮ ኔሊ ውሸታም ተብላ በቀረች፣ እነዚያ ሴቶችም እዚያው አግዳሚ ላይ በቀሩ ነበር።

ያዳናቸው የጥያቄው ዓይነት ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ውሃው ቀዝቃዛ መሆን አለመሆኑን፣ ነርሶቹ ታማሚ መምታት አለመምታታቸውን በእርግጠኝነት የምታውቅበት መንገድ አለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። የለኝም አለ። ምግቡ የሚገባውን ያህል እንዳልሆነም አመነ፣ ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው ብሎ። የነርሶቹም ቃል እርስ በርሱ ተጋጨ። መርማሪዎቹ ኔሊን አመኑ፣ ከተማውም ለእነዚህ ተቋማት የሚመድበውን በጀት ጨመረ።

የቀረውን ሕይወቷን ባጭሩ ልግለጸው። በ1889 ተነስታ ዓለምን በ72 ቀናት ዞረች፣ ስሟም በዚያ ይበልጥ ገነነ። በ1895 አንድ ባለሀብት አግብታ፣ እሱ ሲሞት የብረት ዕቃ ፋብሪካውን መራች፣ ፋብሪካው ግን ከሰረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከኦስትሪያ በኩል ዘገበች። ጥር 1922 በሳንባ ምች ስትሞት 57 ዓመቷ ነበር።

ዋሽታ መግባቷ ትክክል ነው ወይ የሚለው ክፍል ውስጥ ሁሌ ያከራክረናል። በኔ አስተያየት የታማሚ ቃል በማይታመንበት፣ ኃላፊውም የማያውቅበት ቦታ ሌላ መንገድ አልነበራትም። የኛ ሥራ ግን ማስመሰል ሳያስፈልገን ብዙ ከሷ መውሰድ እንችላለን። ስለ አንድ መንከባከቢያ ዜና ስንሠራ የአልጋ ቁጥርና የሥራ አስኪያጁን መግለጫ ይዘን እንመለሳለን። በዓል ቀን ሄደን ሁሉም ንጹሕ ለብሶ እናያለን። ከዚያ ይልቅ ሳንጠራ በምሳ ሰዓት እንሂድ። ፎጣውን እንቁጠር፣ ታማሚው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ እንይ፣ ሌሊት በሩን ማን እንደሚከፍት እንጠይቅ። ኃላፊውንም ይህን ሁሉ በምን ታውቃለህ እንበለው። መልስ ካጣ፣ ዜናው ያለው እዚያ ላይ ነው።