ቢል ሻንክሊ፡ የታችኛውን ዲቪዚዮን ያልናቀው ሰው

ክለብ ሲወርድ ወሬው ሁሉ የሚያበቃው በወረደበት ቀን ነው። ደጋፊው ያለቅሳል፣ ኮከቦቹ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ፣ ቦርዱ በጀት ይቀንሳል፣ አሠልጣኙም ይሰናበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የቢል ሻንክሊ ታሪክ ግን የሚጥመው እዚያ ላይ ነው። ሊቨርፑልን ከእንግሊዝ ኃያላን ተርታ ያሰለፈው ይህ ስኮትላንዳዊ በ1949 አሠልጣኝነትን ከጀመረ በኋላ በዋና አሠልጣኝነት አንደኛ ዲቪዚዮንን እስኪረግጥ ድረስ 13 ዓመት ፈጅቶበታል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ሻንክሊ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1913 ግሌንባክ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ተወለደ። ከሲሬ እስከ አሰላ፣ ከአሰላ እስከ በቆጂ አርሲን የሚያውቅ አንባቢ ግሌንባክን ለመረዳት አይቸገርም። በቆጂ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ለዓለም እንዳበረከተችው ሁሉ ያቺ ኢምንት መንደርም 50 ያህል ፕሮፌሽናል ኳስ ተጨዋቾችን አፍርታለች። በሻንክሊ ቤት ከተወለዱት አስር ልጆች አምስቱ ወንዶች ነበሩ፤ አምስቱም ፕሮፌሽናል ሆኑ። ቢል ራሱ ጉድጓድ ወርዶ የማዕድን ሠራተኛ ነበር። ማዕድኑ ሲዘጋ ሥራ አጥ ሆነ፤ ኳስ ደረሰችለት።

በ1932 ካርላይል ዩናይትድን፣ በዓመቱ ደግሞ ፕሪስተንን ተቀላቀለ። ፕሪስተን ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር፤ በ1934 አብሮት ወደ ላይ አደገ። በ1938 ሀደርስፊልድን 1ለ0 አሸንፈው የኤፍኤ ካፕን ዋንጫ ሲያነሱ ሻንክሊ ሜዳ ላይ ነበር። ለስኮትላንድም 5 ጊዜ ተሰለፈ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ምርጥ ዓመቶቹን ይዞበት ሄደ። በማርች 1949 ጫማውን ሰቅሎ ካርላይልን ለማሠልጠን ሲሄድ ፕሪስተን በዚያው የውድድር ዘመን ወረደ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞው ጭቃ በጭቃ ነው። ካርላይልን በሦስተኛው ዲቪዚዮን የሰሜን ምድብ 3ኛ ካደረገ በኋላ በ1951 ወደ ግሪምስቢ ሄደ። ግሪምስቢ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወረደ ክለብ ነው። ሻንክሊ በዕድሜ የገፋውን ቡድን ቀስቅሶ 2ኛ አደረገው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የሚያልፈው አንድ ክለብ ብቻ ስለነበር ሊንከን ሲቲ በ3 ነጥብ በልጦ አደገ። ቀጥሎ ወርኪንግተን ገባ። እዚያ አሠልጣኙ ስልክ ያነሳል፣ ደብዳቤ ይመልሳል፣ የተጨዋቾቹን ደመወዝም ከባንክ ያመጣል።

በ1956 የወረደውን ሀደርስፊልድን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተረከበ። ሁለት ወር ሳይሞላው ዴኒስ ሎው የተባለ የ16 ዓመት ልጅ አሰለፈ። ክለቡን ግን ወደ ላይ መመለስ አልቻለም። ኢያን ሴንት ጆንንና ሮን ዬትስን ግዙልኝ ቢልም ገንዘብ የለም ተባለ።

በዲሴምበር 1959 ሊቨርፑል ጠራው። የዛሬውን ሊቨርፑል ማሰብ አያስፈልግም። በ1954 የመጨረሻ ሆኖ የወረደና በ1959 መጀመሪያ ላይ ከሊግ ውጪ በሆነው በዎርስተር ሲቲ ተሸንፎ ከኤፍኤ ካፕ የተሰናበተ ክለብ ነበር። የሜልዉድ የልምምድ ሜዳ አረም ውጦታል፤ አንፊልድም ሣሩን የሚያጠጣበት ወጉ የደረሰ የውኃ መስመር አልነበረውም። ሻንክሊ የመጀመሪያ ጨዋታውን በገዛ ሜዳው በካርዲፍ 4ለ0 ተሸነፈ።

አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ ረዳቶቹ ይባረራሉ። ሻንክሊ ግን ቦብ ፔዝሊን፣ ጆ ፌገንንና ሩበን ቤኔትን እንዳሉ ያዛቸው። የጫማ ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል የእነሱ የምክር ቤት ሆነች። ያሰናበተው ተጨዋቾችን ነው፤ 24 ያህሉ ሄዱ። ልምምዱን በኳስ አደረገው፤ በአነስተኛ ሜዳ አምስት ለአምስት፣ ተቀብሎ መስጠት፣ ሰጥቶ መንቀሳቀስ። ሜልዉድ ታረሰ፣ አንፊልድ ውኃ ገባለት።

ሁለት ጊዜ 3ኛ ወጣ፤ የሚያልፉት ሁለት ክለቦች ነበሩና ሁለቴም ቀረ። በ1961 ቦርዱ በመጨረሻ ኪሱን ፈታ። ሀደርስፊልድ የከለከሉት ሁለቱ ሰዎች፣ ሴንት ጆን በ37,500 ፓውንድ፣ ከዚያም ግዙፉ ተከላካይ ዬትስ መጡ። በዚያው የውድድር ዘመን ሮጀር ሀንት በሊጉ 41 ጎል አገባ፤ ሊቨርፑልም በ1962 ሁለተኛውን በ8 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን በመሆን ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ ላይ ተመለሰ።

የቀረውን የቀያዮቹ ደጋፊ በቃሉ ይዞታል፤ በ1964፣ በ1966 እና በ1973 የሊግ ሻምፒዮን፣ በ1965 ክለቡ አይቶት የማያውቀው የኤፍኤ ካፕ፣ በ1973 የዩኤፋ ካፕ፣ በ1974 እንደገና ኤፍኤ ካፕ። በዚያው ክረምት ማንም ሳይጠብቀው በቃኝ ብሎ ከተማውን አስደነገጠ። በሴፕቴምበር 29 ቀን 1981 በ68 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ።

የሥራው ትልቁ ማስረጃ ግን ከዋንጫዎቹ ይልቅ ሳያባርራቸው የቀሩት ረዳቶቹ ናቸው። ፔዝሊ በ1977፣ በ1978 እና በ1981፣ ፌገን ደግሞ በ1984 የአውሮፓን ሻምፒዮና ዋንጫ ለአንፊልድ አመጡ። አራቱም ዋንጫዎች የተጠነሰሱት ክለቡ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ በዚያች የጫማ ክፍል ውስጥ ነው። የወረደ ክለብ ሁሉን በትኖ ከዜሮ መጀመር የለበትም። ማን መሄድ እንዳለበት፣ ማን ደግሞ መቅረት እንዳለበት ለይቶ የሚያውቅ ሰው ካገኘ፣ የታችኛው ዲቪዚዮን መሠረት የሚጣልበት ቦታ ሊሆን ይችላል።