ራስ አበበ አረጋይ፦ ከመንዝ ገደሎች እስከ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት

መግቢያ

በዘመናዊቷ ኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ የራስ አበበ አረጋይ ስም በሁለት ቦታ ተለያይቶ ይገኛል። የአርበኝነትን ታሪክ የሚጽፉ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በሸዋ የተካሄደውን ተጋድሎ ከመሩት አለቆች ዋነኛው አድርገው ያቀርቧቸዋል። የመንግሥት አስተዳደርን የሚያጠኑ ደግሞ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበሩና በ1953 ዓ.ም. በታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተገደሉ ባለሥልጣን መሆናቸውን ይጠቅሳሉ። ሁለቱ የሕይወት ምዕራፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። በገበሬው መጠለያና ስንቅ አምስት ዓመት የቆየ መሪ ወደ ሥልጣን ሲመለስ ከዚያው ገበሬ ጋር የነበረው ግንኙነት ምን መልክ ያዘ? ይህ ጽሑፍ የራስ አበበን ሕይወት በዚህ ጥያቄ መነጽር ይመለከታል፤ በተለይም መንዝ በተጋድሏቸው ውስጥ የነበረውን ስፍራና የከፈለውን ዋጋ ያጎላል። ዘመኑ የተቆጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ትውልድና የመጀመሪያ ሹመት

ራስ አበበ በ1895 ዓ.ም. ተወለዱ። ለዳግማዊ ምኒልክ ግዛት መስፋፋት ትልቅ ድርሻ የነበራቸው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ነበሩ። በዘመኑ የሸዋ ቤተ መንግሥት ለመሾም የትውልድ ሐረግ፣ የጦር ሙያና የንጉሠ ነገሥቱ እምነት ሦስቱም ያስፈልጉ ነበር። አበበ ሦስቱንም አሟልተው ባላምባራስ ተባሉ፤ የአዲስ አበባ ፖሊስም አዛዥ ሆኑ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዋና ከተማዋ ሲወጡ የከተማዋን ጸጥታ የመጠበቁ ኃላፊነት የወደቀው በአዛዡ ላይ ነበር። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን ሲገባ ባላምባራስ አበበ እጃቸውን አልሰጡም፤ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ። ውሳኔው ያኔ ተራ የሽሽት እርምጃ ሊመስል ይችል ነበር። መደበኛው ጦር ተበትኖ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው፣ ብዙ መኳንንት እየገቡ ባሉበት ሰዓት ግን አንድ የከተማ ሹም በገጠር አዲስ የጦር ኃይል ለማቋቋም መነሣቱ የሸዋን ተጋድሎ ቀጣይ አካሄድ የወሰነ ክስተት ሆነ።

ከፊት ለፊት ውጊያ ወደ ሽምቅ ውጊያ

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከተለያየ አቅጣጫ ባደረጉት ጥቃት ባላምባራስ አበበ ተካፋይ ነበሩ። ጥቃቱ አልተሳካም። ክረምቱ ወንዞችን ሞልቶ ነበር፤ በየአቅጣጫው የገሰገሱት ክፍሎች መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ አልነበራቸውምና በአንድ ሰዓት ሊመቱ አልቻሉም። አቡነ ጴጥሮስ በማግሥቱ ተይዘው በጥይት ተደበደቡ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደግሞ ከዘመቻው ዋና መሪዎች መካከል የነበሩት የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን በፍቼ ተገደሉ።

እነዚህ ሞቶች ለባላምባራስ አበበ ሁለት ነገር አስተማሩ። የመጀመሪያው፣ በመድፍና በአውሮፕላን የሚበልጥን ጠላት በከተማ ፊት ለፊት መግጠም የማያዋጣ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጠላትን የምሕረት ቃል አምኖ መግባት ሕይወትን እንደሚያስከፍል ነው፤ የካሳ ልጆች የተገደሉት ከገቡ በኋላ ነበርና። ከዚህ በኋላ የተከተሉት ስልት መደምሰስን የሚያስወግድ፣ ጦሩን በትኖ የሚያኖር፣ ሲመች የሚመታና ሲከብድ የሚርቅ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የተፈጸመው ግድያ፣ እስከዚያ ድረስ ያመነታ የነበረውን ብዙ ሰው ወደ አርበኞች ገፋው። በተጉለት፣ በቡልጋ፣ በመርሐ ቤቴና በመንዝ የተነሡት ቡድኖች የየራሳቸው አለቃ ነበራቸው፤ እነዚህን በአንድ አመራር ማስተባበር ከጠላት ጋር የመዋጋትን ያህል ከባድ ነበር። የሸዋ አርበኞች የልጅ ኢያሱን ልጅ መልአከ ፀሐይን በንጉሥነት ማቆማቸው የዚሁ ችግር መልክ ነው፤ ዘውድ በሌለበት አገር የአለቆችን ክርክር የሚዳኝ የበላይ ስም ያስፈልግ ነበር። ወጣቱ ብዙም ሳይቆይ ታምሞ ሞተ። በ1930 ዓ.ም. ዝነኛው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ በውጊያ ሲወድቁ የአበበ አረጋይ የበላይነት ይበልጥ ጎልቶ ወጣ።

መንዝና የዘረት ዕልቂት

መንዝ በሦስቱ ምድሮቹ፣ በማማ፣ በላሎና በጌራ፣ ለእንዲህ ያለው ውጊያ የተመቸ አገር ነበር። ዛሬ ሞላሌ የቆመችበት የማማ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ገብስ የሚበቅልበትና በግ የሚረባበት ብርዳም ደጋ ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደጋው ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች ይቆራረጣል፤ ወደ ምሥራቅም በገደል ወደ ቆላው ይወርዳል። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ወደ ደሴ የሚያልፈውን መንገድ ተቆጣጥረው ዋሻም ፈልፍለውበት ነበር። ከመንገዱ የራቀው ደጋና ሸለቆ ግን ለመኪናም ሆነ ለመድፍ አይመችም ነበር። የመንዝ ገበሬ ባለ ርስት ነው፤ ከአባቶቹ የወረደለትን መሬት ለማንም አሳልፎ ላለመስጠት የነበረው ጽናት ከአርበኞቹ ዓላማ ጋር ገጠመ።

የጂኦግራፊው ጥቅም ግን ዋጋ ነበረው። ጦሩ ተንቀሳቃሽ ሲሆን፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት እኩል ሊጓዙ አይችሉም። ጣሊያኖች በ1931 ዓ.ም. በአካባቢው ሰፊ የማጥቃት ዘመቻ ሲከፍቱ ከአበበ አረጋይ ጦር ጋር የነበሩት እነዚህ ወገኖች በተሾመ ሽንቁጥ መሪነት በመንዝ ቀያ አካባቢ፣ ዘረት በተባለው ቦታ፣ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ ተጠለሉ። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከበበ። ሚያዝያ 1 ቀን፣ የፋሲካ ዕለት፣ የኬሚካል ጦር ክፍል መጥቶ በመርዝ ጋዝ አጠቃቸው። ተሾመ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከበባውን ሰብረው አመለጡ። ሚያዝያ 3 ቀን እጃቸውን ከሰጡት መካከል 800 ያህል ወንዶች ተረሽነው ወደ ገደል ተጣሉ፤ በዋሻው ውስጥ በጋዙ ያለቁት ሴቶችና ሕፃናት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው።

የዘረት ዕልቂት በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። በአካባቢው ሕዝብ ቃል ተጠብቆ የኖረው ይህ ድርጊት በአካዳሚው ዘንድ በሚገባ የታወቀው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ በሮም ወታደራዊ መዛግብት ያገኘውን ሰነድ ይዞ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ ከሄደ በኋላ ነው። ለራስ አበበ የሕይወት ታሪክ ያለው ፍቺ ግልጽ ነው። መሪው በሽምቅ ውጊያ ስልቱ ከጠላት እጅ ሲያመልጡ፣ መንቀሳቀስ ያልቻለው ሕዝብ የስልቱን ዋጋ ከፈለ።

ድርድሩ

ከዘረት በኋላ የአበበ አረጋይ ጦር አልጠፋም፤ ነገር ግን ተዳክሞ ነበር። ጣሊያኖችም በኃይል ብቻ ሸዋን ማረጋጋት እንደማይችሉ በመገንዘባቸው በጄኔራል ናዚ አማካይነት ድርድር ከፈቱ። ድርድሩ እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ ሲጓተት ቆየ። ለአንዳንዶቹ የትግል ጓዶች ይህ ሁኔታ የመክዳት ዋዜማ መሰላቸው። ይሁንና የተገኘው ውጤት ለሌላ ፍርድ ያመቻል። ባላምባራስ አበበ በድርድሩ የተገኘውን ፋታ ጦራቸውን ለማሳረፍና ለማደራጀት ተጠቀሙበት፤ ለመግባት የተቀጠረው ቀን ሲደርስም አልገቡም። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ የሸዋ አርበኞች ኃይል ሳይፈርስ ደረሰ። ድርድሩን ስልት ብቻ ወይም ማመንታት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ያሳስታል። በፍቼ የሆነውን የሚያስታውስና ዘረትን ያየ መሪ ሁለቱን በር ክፍት አድርጎ መጠበቁ ለራሱም ለተከታዮቹም የመኖር ጉዳይ ነበር።

ከድል በኋላ፦ ሹመትና አገልግሎት

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አበበ አረጋይ በሺህ የሚቆጠሩ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ተቀበሏቸው። ይህ ሰልፍ የታማኝነት መግለጫ የመሆኑን ያህል የኃይል መግለጫም ነበር። በዚያ ሰዓት በሸዋ ይህን ያህል የታጠቀ ሰው የሚያዝዝ ሌላ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ኃይል በሹመት ወደ መንግሥት መዋቅር አስገቡት። ራስ አበበ በየጊዜው የጦር፣ የአገር ግዛትና የመከላከያ ሚኒስቴሮችን መሩ።

ከነዚህ ሹመቶች መካከል ለተነሣው ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው የትግራዩ ነው። በ1935 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የቀዳማዊ ወያኔ አመፅ የገበሬው በአስተዳደርና በግብር መማረር የወለደው ነበር። አመፁን ለማፈን የተላከውን ጦር ራስ አበበ መሩ፤ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የብሪታንያ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ አመፁም ተሰበረ። ራስ አበበ እስከ 1939 ዓ.ም. የትግራይ ገዥ ሆነው ቆዩ። ከአራት ዓመት በፊት ከአውሮፕላን ቦምብ ሲሸሹ የነበሩ መሪ አሁን አውሮፕላኑ በሚረዳው ወገን ቆሙ። ይህ የግል ባሕርይ መለወጥን ብቻ የሚያሳይ አይደለም። አርበኝነቱ የታገለው ለነፃነትና ለዘውድ እንጂ የገበሬውንና የመንግሥትን ግንኙነት ለመለወጥ እንዳልነበረ ያመለክታል።

በኅዳር 1950 ዓ.ም. ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውን ተክተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ፤ የመከላከያ ሚኒስትርነቱንም እንደያዙ ቀጠሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታውጆ፣ የመጀመሪያውም የፓርላማ ምርጫ ተካሂዶ ነበር። ሆኖም ሚኒስትሮችን የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ በመሆኑ ሊቀ መንበሩ ካቢኔውን የሚያዋቅር ሥልጣን አልነበረውም። እያንዳንዱ ሚኒስትር ጉዳዩን በቀጥታ ለዙፋኑ ያቀርብ ነበርና ሊቀ መንበርነቱ ከሥልጣኑ ክብሩ ያመዝን ነበር።

የታኅሣሥ ግርግርና ፍጻሜ

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ሚኒስትሮችና መኳንንት እቴጌ መነን ታመዋል በሚል ጥሪ ተሰብስበው ተያዙ። ራስ አበበም ከታሰሩት መካከል ነበሩ። የምድር ጦር ከአማፂዎቹ ጋር አልተባበረም፤ ታኅሣሥ 7 ቀን ክቡር ዘበኛ እየተሸነፈ ሲሄድ መሪዎቹ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን በነበሩት እስረኞች ላይ ተኩስ ከፈቱ። ራስ አበበ በ57 ዓመታቸው በዚያ ሞቱ። አብረዋቸው ከወደቁት አንዱ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ፤ በትግራይ ገዥነት አንዱ ሌላውን የተካው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍል ተገደሉ። የሸዋው አርበኛ ደጃዝማች ልጥይበሉ ገብሬም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

ማጠቃለያ

አማፂዎቹ ድህነትንና ኋላ ቀርነትን የትግላቸው ምክንያት አድርገው ሲያውጁ ጣሊያንን የተዋጋውን ትውልድ የለውጥ እንቅፋት አድርገው አይተውታል። ፍርዱ ከግድያው ጋር በአንድ ሰዓት የተሰጠ ነውና እንዳለ መቀበል አይቻልም፤ የነካው ችግር ግን እውነት ነበር። ራስ አበበ አረጋይ በመንዝና በአጎራባች አውራጃዎች ገበሬ ትከሻ ላይ ቆመው አገር አድነዋል። ያዳኑት መንግሥት ግን ለዚያ ገበሬ በፖለቲካው ውስጥ ቦታ አላዘጋጀለትም፤ እርሳቸውም በያዙት ሥልጣን ይህን ለመለወጥ አልሠሩም።

ገነተ ልዑል በ1954 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው። ራስ አበበ የሞቱበት ሕንፃ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ይዟል፤ ተመራማሪዎችም የዘመኑን ታሪክ በዚያው ያነባሉ። የዘረት ዋሻ በበኩሉ በመንዝ ገደል ላይ አለ። የራስ አበበ ታሪክ ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ ቦታዎች አብረው ሲጠኑ ነው።