ስሙ በእሾኽ የተጠራ ሰው

ባለፈው ዕረፍት ከጓደኞቼ ጋራ ወደ ስሜን ተራራ ወጥቼ ሳለሁ፥ ሣር መስሎኝ ከአንድ እሾኻም አበባ ላይ ተቀመጥሁ። ጓደኞቼ ሲስቁ እኔ ተናድጄ አየሁት። ግንድ የለውም፤ ቅጠሉ እንደ ሰፌድ መሬት ላይ ተዘርግቶ አበባው ከመካከሉ ይወጣል። መምህራችን የላቲን ስሙ ካርዱስ ሺምፔሪ መሆኑን ነገሩኝ። ይህ ሺምፐር ማን ኖሯል ብዬ ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁ።

ቪልሄልም ሺምፐር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. በጀርመን አገር ተወለደ። በአልጄርያና በሲና ዕፀዋት ከሰበሰበ በኋላ በ1837 ወደ አገራችን መጣ። ሥራው ደጋውንና ቈላውን እየዞረ ተክል መልቀም፥ በወረቀት መካከል ተጭኖ ማድረቅ፥ ወደ አውሮፓም መላክ ነበረ። ደጃዝማች ውቤ ወደዱትና በትግሬ የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ ኢትዮጵያዊትም አገባ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ውቤን ድል ባደረጉ ጊዜ ሹመቱ ቀረ፤ ዕፅ መልቀሙን ግን አልተወም። በኋላም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋራ በመቅደላ ታግቶ ቈይቶ፥ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ሲመጣ ተለቀቀ።

ያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ፥ እንግዲህ ወደ ትውልድ አገሩ ይገባል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ዓድዋ ተመለሰ፤ በዚያም በ1878 ዐረፈ።

ያደረቃቸው ዕፀዋት ዛሬም በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተቀምጠዋል። በስሙ የተጠሩት ተክሎች ብዙ ናቸው፤ ከእኔ ጋራ ያስተዋወቀው ግን የወጋኝ ነው።