ኡሙ አይመን፦ እንባዋን ያልደበቀችው ሐበሻዊት



በላሊበላና በላስታ ደጋ ሰው ሲሞት ጎረቤት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ለቅሶ ይደርሳል። ድንኳኑ ሲነሳ ግን ሐዘንተኛው ከሐዘኑ ጋር ይቀራል። በተለይ ወጣት ወንድ ከሆነ ቻለው ይባላል። ማልቀስ የኢማን ድክመት የሚመስለን ብዙ ነን። የዛሬ ጁምዓ ትውስታችን ይህን ሐሳብ የምታርም፣ ዘሯ ከሐበሻ የሆነ ታላቅ ሶሐቢያ ናት።

ስሟ በረካ ነው። በመጀመሪያ ልጇ በአይመን ምክንያት ኡሙ አይመን ተባለች። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባት በዐብደላህ ቤት አገልጋይ ነበረች። ነቢያችን ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ከመዲና ሲመለሱ አብዋእ ላይ አረፉ። ያንን የቲም ልጅ ይዛ መካ የገባችው እሷ ናት። ካደጉ በኋላ ነፃ አወጧት፤ እንደ እናት ያከብሯት፣ ቤቷ እየሄዱም ይጠይቋት ነበር።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሐዘን ተደራረበባት። የልጇ የኡሳማ አባት ዘይድ ኢብኑ ሐሪሣ በሙእታ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት አይመን በሑነይን ወደቀ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በእጇ ያሳደገቻቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ከዚያ በኋላ አቡበክር ዑመርን ይዘው፣ ነቢያችን ይጠይቋት እንደነበረው ሊጠይቋት ሄዱ። ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን አስታወሷት። እሷም ይህን እንደምታውቅ፣ የሚያስለቅሳት ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ወሕይ መቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ያኔ ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ይህ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስቲ አስተውሉ። እውቀቷ እንባዋን አላስቀረውም፤ እንባዋም ኢማኗን አልቀነሰውም። ሶብር የአላህን ውሳኔ አለማማረር እንጂ ልብን ማደንዘዝ አይደለም። ምን እንደጎዳት ለይታ ታውቅ ነበር፤ ሲጠይቋትም አልደበቀችም። ጠያቂዎቿም ምክር አልደጋገሙባትም። ሰሟት፤ ከዚያ አለቀሱ። በጥንካሬው የታወቀው ዑመር እንኳ አላፈረም።

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ድንኳኑ ከተነሳ ወራት ያለፉት አንድ ቤት አስቡ። ሂዱና ቡና ጠጡ፤ የሟቹን ስም አንሱ፤ አዳምጡ። ሐዘንተኛው አንተ ከሆንክ፣ ወይም አንቺ ከሆንሽ፣ ለምታምኑት አንድ ሰው ተናገሩ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካሉ ሐኪም ማየት ከተወኩል አያወጣም።

አላህ ያዘኑ ልቦችን ይጠግን፤ እኛንም የሚጠይቁና የሚያዳምጡ ያድርገን። ጁምዓ ሙባረክ።