የአባት አደራ በጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሕይወት

ታኅሣሥ 24 ቀን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ልደት ነው። ምእመናን በዚህ ዕለት ገድላቸውን ሲሰሙ ስድስቱን ክንፎቻቸውንና በጸሎት ብዛት የተሰበረች እግራቸውን ያስባሉ። የዚህ ሁሉ ተጋድሎ መነሻ ግን አንድ የገጠር ካህን ቤት ነበር።

በሸዋ ምድር፣ በቡልጋ፣ ዞረሬ በተባለው ስፍራ ካህኑ ጸጋ ዘአብ ከባለቤታቸው ከእግዚእ ኀረያ ጋር ይኖሩ ነበር። ሀብት ሳያጡ ልጅ ያጡ ሰዎች ነበሩ። ኀዘናቸውን በጸሎትና በምጽዋት እያስታገሡ፣ ወር በገባ በ12ኛው ቀን የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር እየዘከሩ ድሆችን ያበሉ ነበር።

በዚያ ዘመን የዳሞቱ ገዥ ሞተለሚ በክርስቲያኖች ላይ ዘመተ። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ጸጋ ዘአብ ከአሳዳጃቸው ሲሸሹ ከውኃ ውስጥ ገቡ፤ መልአኩም ሰወራቸው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ባለቤታቸው ተማርከው ነበር። ሞተለሚ እግዚእ ኀረያን ሊያገባቸው ድግስ ባሰናዳ ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል ነጥቆ ወደ ሀገራቸው አደረሳቸው። ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ያ ሲለመን የኖረው ልጅ ተወለደ፤ በጥምቀቱም ፍሥሐ ጽዮን ተባለ።

በሀገሩ ረኃብ በገባ ጊዜ የዝክሩ ቀን ደርሶ በቤት ውስጥ ከጥቂት ዱቄት በቀር አልተገኘም። እናት ሲያዝኑ ሕፃኑ እጁን ከዱቄቱ ላይ ቢያኖር በረከት ሆኖ ሞላ፤ ድሆችም እንደ ልማዳቸው በልተው ሄዱ። ልጁ ከወላጆቹ ያየውን ምጽዋት በእጁ ቀጠለ። አባቱም መዝሙረ ዳዊትንና የቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት አስተማሩት፤ ልጁም ለዲቁና፣ ኋላም ለቅስና በቃ።

ወላጆቻቸው ካረፉ በኋላ ጻድቁ የወረሱትን ሀብት ለድሆች አካፈሉ፤ ተክለ ሃይማኖት የሚለውንም አዲስ ስም ከጌታ ተቀብለው ወንጌልን ለመስበክ ወጡ። መንገዳቸውም ወደ ዳሞት አደረሳቸው። በዚያ የነበረው ገዥ አባታቸውን ያሳደደ፣ እናታቸውን የማረከ ያው ሞተለሚ ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። በሀገራችን የአባት ደም ለልጅ አደራ ሆኖ፣ ቂም እንደ ርስት ሲወረስ ስንት ቤት ጠፍቷል! የጸጋ ዘአብ ልጅ ግን ወደ ዳሞት የሄዱት መስቀል ይዘው ነው። ሞተለሚ ብዙ ቢፈታተናቸው፣ ከገደል ቢያስወረውራቸውም አልተመለሱም። በመጨረሻ አምኖ ተጠመቀ። ገድሉ እንደሚለው ያን ጊዜ የሰጡት የክርስትና ስም ፍሥሐ ጽዮን ነው፤ እርሳቸው ራሳቸው በአባታቸው ቤት ሲጠሩበት ያደጉበትን ስም። የአባታቸው ጠላት በዚህ ስም ወንድማቸው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጻድቁ ራሳቸው ልጅ ሆነው ለመታዘዝ ወደ ገዳም ገቡ። በሐይቅ እስጢፋኖስ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ሆኑ፤ ወደ ደብረ ዳሞም ተሻገሩ። ወደ ሸዋ ተመልሰው በደብረ አስቦ፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው ገዳም፣ የብዙ መነኮሳት አባት ሆኑ። በ99 ዓመታቸውም ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ።

ዛሬ በየቤታችን ዝክሩን ስናዘጋጅ ልጆቻችን ከማዕዱ አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙናል። ስለ ጎረቤትና ስለ ዘመድ የምንናገረውንም ይሰማሉ። ጸጋ ዘአብ ለልጃቸው ያወረሱት ሀብት ለድሆች ተከፍሎ አልቋል፤ ያስተማሩት ሃይማኖት ግን ያሳደዳቸውን ሰው እንኳ አዳነ። እኛስ ለልጆቻችን የምናወርሰው የትኛውን ነው?

የጻድቁ አባታችን ረድኤትና በረከት አይለየን፤ አሜን።