ብዕር እንጀራ ሲሆን፦ የደራሲ በዓሉ ግርማ ሕይወት ለጸሐፊነት ለሚዘጋጁ ወጣቶች



እዚህ በለገዳዲና በዙሪያዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ወጣቶች አሉን። ብዙዎቹ መጻፍ ይወዳሉ። ለወጣቶች ፕሮግራም ድራማ የሚያዘጋጁት፣ ግጥም የሚያነቡት፣ የቤተ ክርስቲያኑን መጽሔት የሚያርሙት እነርሱ ናቸው። ወደ አገልጋዮች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄም ተመሳሳይ ነው፤ ይህን ስጦታ ሙያ አድርጌ በእርሱ መኖር እችላለሁን? ወላጆች በበኩላቸው መጻፍ እንጀራ አይሆንም፣ አስተማሪ ሁን፣ ባንክ ቤት ግቢ ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ በደፈናው አዎን ወይም አይደለም ብሎ ከመመለስ ይልቅ፣ በዚህ መንገድ ሄዶ ያለፈ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ብንመረምር ይጠቅመናል። ይህ ሰው ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ የዓለማዊ ልቦለድ ደራሲ ለእኛ ምን ያስተምረናል? ትሉ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና በቆመ ጊዜ የግሪክን ባለ ቅኔዎች የሚያውቅ ሰው ነበረ። ከሰው ሕይወት የሚገኘውን ትምህርት መርምሮ መያዝ ለእኛም ተፈቅዶልናል።

ከኢሉባቦር እስከ ዊንጌት

በዓሉ ግርማ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። የልጅነቱን የመጀመሪያ ዓመታት በዚያው አሳልፎ ወደ አዲስ አበባ መጣና በዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለ ነበረ ወደ ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አገኘ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተ፣ እንግሊዛውያን መምህራን የሚያስተምሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ስሙም የእንግሊዛዊው የጦር መኮንን የኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን በሚያጠና የወንጌላውያን ቤተሰብ ያደገ ሲሆን፣ በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ጣሊያንን የወጋውን ሠራዊቱን ከመጽሐፈ መሳፍንት ወስዶ የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰይሞት ነበር።

በዓሉ እንግሊዝኛን አጥልቆ የተማረው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። ወደ ጋዜጠኝነትና ወደ ድርሰት እንዲያዘነብል ያበረታታውም አንድ የእንግሊዝኛ መምህር እንደ ነበረ ይነገራል። መምህራን ሆይ፣ ልብ በሉ! በክፍል ውስጥ ለአንድ ተማሪ የምትሰጡት ማበረታቻ የት እንደሚደርስ አታውቁም።

ተማሪ ሳለ የጀመረው ሥራ

ከዊንጌት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የፖለቲካ ሳይንስና ጋዜጠኝነት ተማረ። በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ለዛሬው ተማሪ ዋና ትምህርት ነው። ዲግሪውን እስኪይዝ አልጠበቀም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ያዘጋጁት የነበረውን ኒውስ ኤንድ ቪውስ የተባለ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አዘጋጀ። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም ለነበረው ለኢትዮጵያን ሄራልድም እየጻፈ ያቀርብ ነበር። እንግዲህ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ በአንዱ በክፍል ውስጥ፣ በሌላው በጋዜጣ ቤት። ጋዜጣ የመውጫ ቀን አለው፤ ጽሑፉ ካልደረሰ ገጹ ባዶ ይቀራል። የጽሑፍ ሰው ከስሜት ወደ ሙያ የሚሸጋገረው በእንዲህ ዓይነት ግዴታ ሥር ነው።

ከተመረቀ በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ሁለተኛ ዲግሪውንም ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የቀን ሥራና የሌሊት ሥራ

ከተመለሰ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር ሠራ። የመነን መጽሔት፣ ቀጥሎም አዲስ ሪፖርተር የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሔት አዘጋጅ ሆነ። ከዚያ የአዲስ ዘመን፣ በኋላም የኢትዮጵያን ሄራልድ ዋና አዘጋጅ ሆኖ አገለገለ። ከ1969 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ተሾመ።

እንግዲህ ደመወዙ የሚመጣው ከጋዜጣና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበረ። ልቦለዶቹ ደግሞ በዚሁ ሁሉ ሥራ መካከል ተወለዱ። የመጀመሪያው ካድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ወጣ። ቀጥሎ የኅሊና ደወል በ1966፣ የቀይ ኮከብ ጥሪና ደራሲው በ1972፣ ሐዲስና ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታተሙ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ስድስት መጻሕፍት ማለት ነው፤ ያውም የሙሉ ጊዜ ሥራውን ሳይለቅ።

ከእነዚህ ውስጥ ሐዲስ የተባለው ቀደም ብሎ ያሳተመውን የኅሊና ደወልን እንደ ገና ሠርቶ ያወጣው ነው። አንዴ የታተመ መጽሐፍ ለብዙ ሰው ያለቀ ነገር ነው። በዓሉ ግን ተመልሶ ገባበት። አንድ ጊዜ የጻፉትን ስብከት እንኳ ደግሞ ማረም የሚከብደን ሰዎች ከዚህ ብዙ እንማራለን።

በመጀመሪያው ልቦለዱ ያነሣው ጉዳይም ከጥያቄያችን ጋር የተያያዘ ነው። የካድማስ ባሻገር ዋና ገጸ ባሕርይ አበራ ወርቁ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ ልቡ ግን በሥዕል ላይ ያለ ወጣት ነው። ሥራውን ትቶ ስጦታውን ሊከተል ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያመነታል፣ ቤተሰብም ይጫነዋል፣ መጨረሻውም አያምርም። በዓሉ ይህን ሰው በወረቀት ላይ ሣለው እንጂ ራሱ አልሆነውም። ሥራና ስጦታ ሳይለያዩ እርስ በርስ የሚመጋገቡበትን ቦታ ፈልጎ በጋዜጣ ቤት አገኘው።

በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ መጻፍ

በእንግሊዝኛ የሠለጠነ፣ የእንግሊዝኛ ጋዜጣና መጽሔት ያዘጋጀ ይህ ሰው ስድስቱንም ልቦለዶች የጻፈው በአማርኛ ነው። ሌላ መንገድ ስላልነበረ አይደለም። በዚያው ዘመን ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምና ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ልቦለዶች በእንግሊዝ አገር ሃይነማን በሚባለው አሳታሚ ታትመዋል። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤም በኢባዳን እንግሊዝኛ ተምሮ፣ በሬድዮ ጣቢያ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የእንግሊዝኛ ልቦለድ በዓለም ታወቀ። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ በማከረሬ እንግሊዝኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ ከጻፈ በኋላ ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ጊኩዩ ተመልሷል። ሁሉም መንገዶች አሉ። ጥያቄው የምጽፈው ለማን ነው? የሚል ነው። በዓሉ አንባቢው ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

እኛም ከቤታችን ምስክር አለን። ኦኔሲሞስ ነሲብ በስዊድን አገር ተምሮ፣ የተማረውን ሁሉ ይዞ ወደ ገዛ ሕዝቡ ቋንቋ ዞረ፤ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶቹ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አሳተመ። የባዕድ ቋንቋ መማር ለወገን በረከት የሚሆነው እንዲህ ሲመለስ ነው።

እንጀራና እውነት ሲጋጩ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። በዓሉ በመንግሥት ማስታወቂያ ሥራ ውስጥ የነበረ ባለ ሥልጣን ነው። የዚያ ዘመን ጋዜጣና ሬድዮ የደርግ አፍ እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። የወንጌል አማኞች ይህን ዘመን አንረሳውም። በአዲስ አበባ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬድዮ ጣቢያ የተወረሰው በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። በዓሉም በእነዚያ ዓመታት በሥልጣን ላይ ነበረ፤ የቀይ ኮከብ ጥሪ የተባለው መጽሐፉም አብዮቱን የደገፈ ነው። ይህን ሸፍነን ብናልፍ ሕይወቱን በትክክል አልተረክንም። እንጀራው ከመንግሥት እጅ የሚመጣ ጸሐፊ ብዕሩ በየቀኑ ይፈተናል።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲጀምር፣ በዓሉ ለማስታወቂያው ሥራ ወደ አስመራ ከሄዱት መካከል አንዱ ነበረ። የጦርነቱን ውስጥ አየ፤ በባለ ሥልጣናቱ መካከል ያለውን አሠራር አየ፤ ወጣቱ በተራራ ላይ ሲያልቅ አየ። ሲመለስ ዝም ማለት ይችል ነበር። ሹመቱ፣ ቤቱ፣ ትዳሩና ልጆቹ ነበሩት። እርሱ ግን ያየውን በልቦለድ መልክ ጽፎ ኦሮማይ ብሎ ሰየመው፤ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አንደበት የገባ፣ አበቃ፣ አከተመ እንደ ማለት ያለ ቃል ነው። በቴሌቪዥን ጋዜጠኛው በፀጋዬ ኃይለ ማርያምና በፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ውስጥ የዘመቻው ገመና ተገለጠ። አንባቢዎችም ገጸ ባሕርያቱ የትኞቹ ባለ ሥልጣናት እንደ ሆኑ ወዲያው ለዩ።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በታተመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በመኪናው ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ በቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። በደርግ እንደ ተገደለ በሰፊው ይታመናል፤ ባለቤቱና ልጆቹ ግን የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ አላገኙም። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረ።

መጽሐፉ ግን አልሞተም። ከመሰብሰብ የተረፉት ጥቂት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ደርግ ከወደቀ በኋላም ደጋግሞ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በእንግሊዝና በአሜሪካ ወጣ። በኤርምያስ ምዕራፍ 36 ላይ ንጉሡ ኢዮአቄም ጥቅልሉን በካራ እየቀደደ በእሳት እንዳቃጠለው፣ ባሮክ ግን ደግሞ እንደ ጻፈው እናነባለን። ልቦለድ ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አይነጻጸርም። ነገር ግን ነገሥታት ወረቀት ሲሰበስቡ እውነትን የሰበሰቡ የሚመስላቸው ከጥንት ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ ወጣቶች፣ ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር አስተምሮናል። ጸሐፊ ለመሆን የምታቅዱም ቁጭ ብላችሁ ቍጠሩ።

አንደኛ፣ ምረቃን አትጠብቁ። የዩኒቨርሲቲ መጽሔት፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በራሪ ጽሑፍ፣ የአንድ ድርጅት ሪፖርት እንኳ ቢሆን፣ ቀን ተቈርጦለት የሚደርስ ሥራ ያዙ።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ እንጀራ እበላለሁ ብላችሁ አታቅዱ። ማስተማር፣ መተርጐም፣ ጋዜጠኝነት፣ የጽሑፍ አርትዖት፣ የሕዝብ ግንኙነት ሁሉም ብዕርን የሚስሉ ሥራዎች ናቸው። ወላጆች ሥራ ያዙ ሲሉ ትክክል ናቸው፤ ስጦታችሁንም አትቅበሩ።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛን በሚገባ ተማሩ፤ የወገናችሁን ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ከዚያ ባላነሰ ትጋት አጥኑ።

አራተኛውና ትልቁ፣ እንጀራና እውነት በተጋጩ ቀን የቱን እንደምትይዙ ዛሬ ወስኑ። በዚያን ቀን መወሰን ይከብዳል። በዓሉ ለዓመታት ከኃይለኞች ጠረጴዛ በላ፤ በመጨረሻ ያየውን ጻፈ፤ ዋጋውንም በነፍሱ ከፈለ። የእውነትን ጌታ የምናውቅ እኛ በቤተ ክርስቲያናችንም ሆነ በአገራችን ያየነውን ለማን ብለን እንሸፍናለን?

ወላጆችና ሽማግሌዎች ሆይ፣ የሚጽፍ ልጅ በቤታችሁ ካለ መጽሐፍ ግዙለት፤ የጻፈውንም ተቀምጣችሁ አንብቡለት። ጌታ ብዕራቸውን ይባርክ፤ ለእውነትም ያቁማቸው። አሜን።