በሦስት ተማሪዎች የጀመሩት መምህር ሳይረስ ፒርስ

ማንበብና መጻፍ የቻለ ሁሉ ማስተማርም አያቅተውም ይባል በነበረበት ዘመን፣ መምህርነት ራሱን የቻለ ትምህርት ያሻዋል ብለው ከተነሡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሚስተር ሳይረስ ፒርስ ናቸው። የተወለዱት በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ዓ.ም. ነው።

ሃርቫርድን በ1810 ጨርሰው ጥቂት ዓመታት በሰባኪነት አገልግለዋል። ነገር ግን ልባቸው ወደ ማስተማሩ ስላደላ ወደ ናንተኬት ደሴት ተመልሰው የመምህርነትን ሥራ ያዙ። በ1847 አዲስ ጅራታም ኮከብ ያገኘችው ማሪያ ሚቸል በዚያ ተማሪያቸው፣ በኋላም ረዳታቸው ነበረች።

በ1838 ኤድመንድ ድዋይት የተባሉ ባለጸጋ 10,000 ዶላር ሲሰጡ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ያንኑ ያህል ጨመረበትና መምህራን ማሠልጠኛ እንዲከፈት ተወሰነ። የትምህርት ቦርዱ ጸሐፊ ሆራስ ማን ለሌክሲንግተኑ ትምህርት ቤት ኃላፊነት ፒርስን መረጡ። በአሜሪካ በመንግሥት ገንዘብ የቆመ የመጀመሪያው መምህራን ማሠልጠኛ ይኸው ነው። ጁላይ 3 ቀን 1839 በሩ ሲከፈት ለመማር የመጡት ሦስት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። የአርባ ስምንት ዓመቱ ሰው በዚያ ቀን ማዘናቸውን አልሸሸጉም፤ እኛም አንፈርድባቸውም።

ሆኖም ትምህርቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ብቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ምድጃውን የሚያነዱትም እሳቸው ነበሩ። የመንደሩ ሕፃናት የሚማሩበት አንድ ክፍል አቋቁመው ሠልጣኞቹ በዚያ በተራ እያስተማሩ እንዲለማመዱ አደረጉ። ከሥራቸው ሁሉ የምናደንቀው ይህን ነው፤ የማስተማር ዘዴ ሲነገር ከመስማት ይልቅ ተሠርቶ ሲታይ ይገባልና።

ሥራው ገና ሳይጠና በ1840 ቦርዱና ማሠልጠኛዎቹ ይዘጉ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤት ቀረበ። 182 እንደራሴዎች ሲደግፉት 245 ተቃወሙትና ትምህርት ቤቱ ተረፈ። የፒርስ ጤና ግን በሥራ ብዛት ተጎድቶ ነበርና በ1842 ቦታውን ለሳሙኤል ሜይ ለቀቁ። በ1844 ትምህርት ቤቱ ወደ ዌስት ኒውተን ሲዛወር ተመልሰው እስከ 1849 መሩት፤ በ1860 ዐረፉ። ትምህርት ቤቱ በ1853 ወደ ፍሬሚንግሃም ተዛውሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን አንዷ ሜሪ ስዊፍት፣ ከሌክሲንግተን እንደ ወጣች በቦስተን ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ማየትም መስማትም የተሳናትን ሎራ ብሪጅማንን ለዓመታት አስተማረች።